ታኅሣሥ ላይ ምን ክረምት አለ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ጎረቤቶቼ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 «ዊንተር ሶልስቲስ» የሚሉትን በዓል ሲያከብሩ ጠሩኝ። ፔጋን ነን ይላሉ። ሻማ አብርተው፣ ዕጣን አጭሰው፣ ውሃና አፈር በሳህን አስቀምጠው «ኤለመንቶቹን» ሲያመሰግኑ አመሹ። በማግስቱ ለእናቴ ደውዬ «የክረምት በዓል ላይ ነበርኩ» ስላት «ታኅሣሥ ላይ ምን ክረምት አለ ልጄ?» አለችኝ። በአማርኛ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው። «ዊንተር»ን «ክረምት» ማለት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ለምዶብናል። ለእኛ ግን ክረምት ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ትምህርት የሚዘጋበት ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የጎረቤቶችዎ በዓል የሚውለው ታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ ነው። ያን ጊዜ አገር ቤት ገና መፀው አልወጣም። በጋው፣ በግእዙ ሐጋይ፣ የሚገባው ታኅሣሥ 26 ነው።

ቃሉን ለብርድ ወራት መጠቀም ግን የዛሬ ልማድ ብቻ አይደለም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን ይክፈቱ። በኢየሩሳሌም የመቅደስ መታደስ በዓል እንደነበረ ይነግረንና «ክረምትም ነበረ» ይላል። ይህ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ሐኑካ የሚባለው በዓል ነው፤ ጊዜውም ዲሴምበር አካባቢ ነው። እዚያ ቃሉ አይጎረብጥም። በኢየሩሳሌም ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወራት ነውና። ለንደን ሲደርስ ግን ቃሉ እናትዎን ግራ ያጋባል። እኔ «የብርድ ወራት» ብል እመርጣለሁ።

«ሶልስቲስ» ከላቲን የመጣ ነው፤ የፀሐይ መቆም ማለት ነው። የጎረቤቶችዎ «ዊንተር ሶልስቲስ» የዓመቱ አጭር ቀን ነው። ለዚህ ሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለ የአማርኛ ቃል የለንም። ቋንቋችን ደሃ ስለሆነ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭር ቀን እንኳን ብርሃኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። ማን ልብ ይለዋል? ለንደን ላይ ግን 8 ሰዓት አይሞላም።

ሐሳቡ ግን በመጻሕፍታችን አለ። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ፣ ምዕራፍ 72 ላይ፣ ፀሐይ በምሥራቅ 6 በምዕራብም 6 ደጆች እንዳሏት ይናገራል። ዕለቱን 18 ክፍል አድርጎ ይከፍለዋል። ፀሐይ በመጀመሪያው ደጅ ስትወጣ ቀኑ 6 ክፍል፣ ሌሊቱ 12 ክፍል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሌሊቱ የቀኑ እጥፍ የሚሆንበት ልክ ለአዲስ አበባ ፈጽሞ አይሠራም፤ የእርስዎ ለንደን ላይ ግን በጣም ይቀርባል። እናም አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «ፀሐይ የምትመለስበት ቀን» ይበሉ። ጎረቤቶችዎም ሻማ የሚያበሩት ለዚሁ መመለስ ነው።

«ኤለመንት» ላይ ይጠንቀቁ። መዝገበ ቃላት ቢያዩ «ንጥረ ነገር» ይልዎታል። እሱ የኬሚስትሪ ቃል ነው፤ ኦክስጅንና ብረት የሚጠሩበት። ጎረቤቶችዎ የሚሉት መሬትን፣ ነፋስን፣ እሳትንና ውሃን ነው። ብዙዎቹ መሬትን በሰሜን፣ ነፋስን በምሥራቅ፣ እሳትን በደቡብ፣ ውሃን በምዕራብ ይመድባሉ። ዕጣኑ የነፋሱ ምልክት ነው። ለእነዚህ ለአራቱ እኛ ጥሩ ቃል አለን፤ «አራቱ ባሕርያት»። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሰው ሥጋ የተፈጠረው ከአራቱ ነው ሲሉ «ባሕርያተ ሥጋ» ይሏቸዋል። አያያዙ ይለያያል፤ በእኛ ትምህርት የተፈጠሩ ናቸው እንጂ አይመለኩም። ስማቸው ግን አንድ ነው፤ እናትዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

እንግዲህ «እማዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይ የምትመለስበት ቀን ነበር፤ ጎረቤቶቼ አራቱን ባሕርያት ይዘው አከበሩት» ይበሏቸው። «ሃይማኖታቸው ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። «አረመኔ» የሚለው ቃል እንዳያመልጥዎት። ዛሬ ጨካኝ ማለት ነው፤ እራት ጋብዞ ያመሸን ሰው እንዲህ ማለት በደል ነው። «አረማዊ» ለጥንቶቹ ይሆናል፤ ግን በእኛ ጆሮ ከስድብ አይርቅም። የዛሬዎቹ ራሳቸውን ፔጋን ካሉ እርስዎም ፔጋን ይበሏቸው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ ክርስትና ሳይገባ አውሮፓ ውስጥ የነበረውን አምልኮ እንደገና ለማንሣት የሚጥሩ ሰዎች ናቸው።