ለድብ ብስኩት አትወርውሩ

ለትምህርትም ለሥራም ወደ ሩማንያ ለምትመጡ ወጣቶች ነው የምጽፈው። እኔ እዚሁ ተምሬ፣ ካርፓቲያን ተራሮች ሥር በእንስሳት ሐኪምነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ድብ አትቀልቡ።

ትራንስፋጋራሻን የሚባለውን የተራራ መንገድ ሳታዩት አትቀሩም። በሐምሌና በነሐሴ መኪናው ተሰልፎ ይቆማል። እናት ድብ መንገድ ዳር ቁጭ ብላለች፣ ደቦሎቿ ከኋላዋ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብስኩት ይወረውራል፣ ሌላው በስልኩ ይቀርፃል። እሷ ትበላለች፣ ደቦሎቹ ያያሉ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደቦል ከእናቱ ጋር ሁለት ዓመት ገደማ ይቆያል። የቱ ሥር እንደሚቆፈር፣ የቱ ፍሬ መቼ እንደሚበስል፣ ጉንዳን የት እንደሚገኝ የሚማረው ከእሷ ነው። ልመና ካስተማረችው ልመና ይማራል። ብቻውን ሲቀር ጫካውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው መኪና ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሲያጋጥመው ደግሞ በጥፊ ይላል። የድብ ጥፊ ላም ጀርባ ላይ አይቻለሁ፤ ቆዳውን ከሥጋው ገሽልጦት ነበር።

ከዚያ ድቡ "አስቸጋሪ" ይባልና በጥይት ይገደላል። ብስኩት የወረወረው ሰው ያኔ አገሩ ገብቷል። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ድብ አይቶ ፍሬን ከያዘ "ንዳው" በሉት። ከፈለገ ይቀየም።

አገሬው ላይ ግን ለመፍረድ አትቸኩሉ። ከሩሲያ ቀጥሎ በአውሮፓ ብዙ ድብ ያለው እዚህ ነው፤ በ2025 ይፋ የሆነው የዘረመል ቆጠራ ከ10 ሺህ በላይ ነው ያለው። ጭንቅላቱንና ቆዳውን ለማስታወሻ ለመውሰድ ተብሎ የሚደረገው የድብ አደን በ2016 ታግዶ ነበር። በ2024 አንዲት የ19 ዓመት ወጣት ቡቼጂ ተራራ ላይ በድብ ተገደለች። ፓርላማው ከእረፍቱ ተጠርቶ በዓመቱ እንዲገደሉ የሚፈቀደውን የድቦች ቁጥር፣ ኮታውን ማለቴ ነው፣ ወደ 481 ከፍ አደረገ። በጎቹ የተበሉበት እረኛ ንዴት ይገባኛል። ግን ኮታ ብቻውን የትም አያደርስም። አዳኝ የሚፈልገው ጫካ ውስጥ ያለውን ትልቁን ድብ ነው፤ ሰፈር የሚያውከው ደግሞ ቆሻሻ የለመደው ነው። ባይሌ ቱሽናድ የምትባል ትንሽ ከተማ ድብ የማይከፍተው የቆሻሻ ገንዳ አስቀመጠች፣ ግቢዎችን በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠረች። የድቦቹ መመላለስ ቀነሰ። እኔ የማምነው በዚህ ነው።

ተኩላና ሊንክስ የሚባል የዱር ድመትም አሉ፤ እነሱ ከሰው ስለሚሸሹ ብዙ አያሳስቧችሁ።

ተራራ ስትወጡ በቡድን ሁኑ፣ እያወራችሁ ሂዱ። ድብ ሰው መምጣቱን ቀድሞ ካወቀ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ገለል ይላል። ድንገት ከተገናኛችሁ አትሩጡ፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እንስሳ አታመልጡም። ዛፍም ይወጣል። ጀርባ ሳትሰጡት ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ራቁ። ከደረሰባችሁ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ማጅራታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ደቦል ብቻውን ካያችሁ እናቱ እዚያው አካባቢ ናት፤ በመጣችሁበት ተመለሱ። ስልካችሁ በማስጠንቀቂያ መልእክት ከጮኸና ቋንቋው ካልገባችሁ፣ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ድብ ታይቶ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ ሰፈር ውስጥ ካያችሁ 112 ደውሉ። ድንኳን ውስጥ ምግብ ይዛችሁ አትተኙ። የተረፈ ምሳችሁንም በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁት ውረዱ፣ የሙዝ ልጣጭ ሳይቀር።