ቅኔ አይደለም፣ አምቡላንስ ጥሩ

ትውልዴ ፍኖተ ሰላም ነው። አሜሪካ ከገባሁ 22 ዓመት ሆነኝ። ከዚህ ውስጥ 11 ዓመቱን በሆስፒታል አስተርጓሚነት ነው የሠራሁት። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሐኪምና በሽተኛ መሀል ተቀምጦ የሚውል ሰው ብዙ ይሰማል። ክረምቱ ሳይገባ (የፈረንጁን ማለቴ ነው) አንዱን ልንገራችሁ።

ሰውየው የቢቸና ልጅ ነው። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። ዕድሜው 40ዎቹ ውስጥ ነው፣ ጤነኛ፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ። ፍሉ ያዘው። እንደ ማናችንም ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልቶ ጠጣና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አብሮት የሚኖረው ልጅ ከሥራ ሲገባ፣ «በሬዎቹን ፈታችኋቸው ወይ?» አለው። ልጁ ሳቀ። ቆይቶ ሰውየው የማይገናኙ ቃላት ይደረድር ጀመር። በልጅነቱ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጎጃሜ አይደል፣ ቅኔ እየዘረፈ ነው» ብሎ መብራቱን አጠፋለት።

ያተረፉት እናቱ ናቸው። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን ቢቸና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ደውለው ትንሽ አናገሩትና ዘጉ። ወዲያው ለልጁ ደወሉ። «ልጄ፣ ይሄ የሱ አነጋገር አይደለም። ማርያምን፣ ሐኪም ጥራልኝ» አሉት።

ሆስፒታል ሲደርስም ነገሩ ቶሎ አልታወቀም። ግራ የተጋባ የውጭ አገር ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚገምቱት «እንግሊዝኛ አይችልም» ብለው ነው። በስልክ የቀረበችው አስተርጓሚ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ያልገባትን ሁሉ የገጠር አማርኛ መስሏት እያስተካከለች ተረጎመችው። ለሰውየው አዝና ነው፤ ግን በሽታውን ሸፈነችለት። ጠዋት እኔ ስገባ ሐኪሟ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ትላለች፣ እሱ ስለ ጤፍ አጨዳ ይመልሳል። «ዶክተር፣ የዚህ ሰው ንግግር በአማርኛም ትርጉም የለውም። እኔ ያገሩ ሰው ነኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ፤ ኤም አር አይ፣ ከጀርባ አጥንት የሚቀዳ ፈሳሽ፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራ። የአንጎል እብጠት ነበር፤ መነሻው ኢንፍሉዌንዛ፣ ያው ፍሉ።

ብርቅ ነገር ነው፣ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። የሚበዛው ልጆች ላይ ነው፤ የጃፓን ሐኪሞች በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ብዙ ጽፈውበታል። አዋቂንም ግን ይይዛል። የሚገርመው፣ ቫይረሱ ራሱ በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ከልክ በላይ ሲቆጣ ነው ይላሉ። ጅብ ለማባረር በወረወሩት ድንጋይ ላሟን እንደ መምታት ነው። በከፋው ዓይነት የአንጎል መሀል ክፍል ግራና ቀኙ ይሞታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ትኩሳቱ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ «እስቲ ሳምንት እንየው» አይሠራም።

አገር ቤት ቢሆን «ምች ነው» ብለን ዳማ ከሴ ጨምቀን በቡና እናጠጣው ነበር። እኔም ጠጥቼ አድጌያለሁ። ሌላው «ቡዳ ነው፣ ጠበል ይወሰድ» ይላል። ጠበሉ አይሸሽም፤ ከሆስፒታል መልስ ይደረስበታል።

ትኩሳት ያለበት ሰው መቃዠቱ ያለ ነው። ግን ቀስቅሳችሁ ውሃ ስታጠጡት ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ የት እንዳለ ካላወቀ፣ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ስትቀሰቅሱት መልሶ ከደነዘዘ፣ ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ በዚያችው ደቂቃ ደውሉ። አሜሪካና ካናዳ 911፣ አውሮፓ 112፣ እንግሊዝ 999። በኡበር አትላኩት።

ስትደርሱ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በደህና ያወራው መቼ እንደሆነና ምን መድኃኒት እንደዋጠ ንገሩ። ጠጥቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አትቆጡ፣ እውነቱን ተናገሩ፤ አረቄም ቢሆን። ከሁሉ በላይ ግን «እንግሊዝኛ ይችላል፤ አሁን በአማርኛም አይገባንም» በሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰዓታት ታተርፋለች። አስተርጓሚ ሲመጣም «የጎደለውን ሳትሞላ እንዳለ ተርጉም» ማለት ነውር አይደለም።

ሕክምናው? ታሚፍሉ የሚባለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ይሻላል፣ ሆስፒታል ለተኛ ሰው ግን ዘግይቶም ይሰጣል። ለአንጎሉ እብጠት ስቴሮይድና የመሳሰሉትን ይሞክራሉ፤ እርግጠኛ ፈውስ የሚባል ግን የለም።

ሻንጣችሁን ደግሞ ፈትሹ። ከአገር ቤት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይዞ የማይመጣ የለም። ጃፓን ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ ለያዛቸው ልጆች እንዳይሰጥ የተደረገው በዚሁ የአንጎል ችግር ምክንያት ነው። ለልጆችና ለወጣቶች አስፕሪንም አትስጡ። ታይለኖል (ፓራሲታሞል) የምትውጡ ከሆነ ደግሞ የጉንፋን ሽሮፑ ውስጥም ያው መድኃኒት መኖሩን እዩ፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ካለፈ ጉበት ይጎዳል።

ክትባቱን በመስከረም ወይም በጥቅምት ውሰዱ፤ ሥራውን እስኪጀምር 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጨርሶ ላይከለክል ይችላል፣ ከከባዱ ግን ያሳርፋል። ለጥምቀት ጎጃም የምትወርዱ ደግሞ በተለይ። ከበረዶው አገር በቀጥታ የሰማንያ ዓመት እናት አንገት ላይ ነው የምትጠመጠሙት። እናቶቻችን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበው የሚያጥኑት በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያስታወሱ ነው። እሱም ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

ብቻችሁን የምትኖሩ፣ ፍሉ ከያዛችሁ ጠዋትና ማታ የሚደውልላችሁ ሰው ይኑር። ጽሑፍ አይበቃም፣ ድምፃችሁን ይስማ።

የቢቸናው ሰው 5 ወር ሥራ አልሠራም። አሁንም የሰው ስም ይጠፋዋል፤ እኔንም አንዳንዴ በወንድሙ ስም ይጠራኛል። ባለፈው ጥቅምት ክትባት ልንወስድ አብረን ሄድን። ነርሷ አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄ ሰውዬ የመጣው ለራሱ ክትባት ነው» አላት፣ በጥሩ እንግሊዝኛ።