አባዬ ያሰረውን ብሎን ማታ ማታ እፈታለሁ

ውድ አዘጋጅ፣

ጥያቄዬ የመኪና ይሁን የቤተሰብ ለራሴም አልለየልኝም። ብዕር ከመያዝዎ በፊት ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ እንደሠሩ እዚሁ አምድ ላይ ስላነበብኩ፣ ሁለቱንም ይረዱልኛል ብዬ ነው የጻፍኩት።

አባቴ 72 ዓመቱ ነው፤ እኔ 33። ከቤታችን ጀርባ አንድ አሮጌ ፒካፕ አለች። እኔ ከመወለዴ በፊት የገዛት ናት። በልጅነቴ አባዬ ከሥሯ ሲገባ የእኔ ሥራ መብራት መያዝ ነበር። "ወዴት ነው የምታበሪው? እኔ የማየውን እዪ እንጂ!" ይለኛል። የሚያየውን በምን ልወቅ? ለእኔ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የ10 ቁልፍ ፍለጋ ይጀመራል። ያቺ ቁልፍ ሁሌ ትጠፋለች። ግማሹ ልጅነቴ እሷን ስፈልግ ነው ያለቀው።

ፒካፗ 11 ዓመት ሳትነሳ ቆመች። አባዬ ጡረታ ወጥቶ ቤት መዋል ሲከብደው "ለምን አናስነሳትም?" አልኩት። ሳቀብኝ። በነጋታው ግን ቱታውን ለብሶ አገኘሁት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነን። ሞተሩ ተጣብቋል ብለን ፈርተን ነበር። ካንዴላዎቹን አወጣን፣ በየቀዳዳው ትንሽ ትንሽ ዘይት ጨመርን፣ ሳምንት ተውነው። ከዚያ በእጅ ስናዞረው እሺ አለ። ታንከሩን አጠብን። ውስጡ የቀረው ቤንዚን ቤንዚንነቱን ትቶ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸት ነበር። ካርቡራተሩን ፈታተን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አጸዳነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተነሳች። ጭሱ ግቢውን ሞላው። አባዬ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሲያዳምጣት ቆየና "አንዷ ሲሊንደር ታነክሳለች" አለኝ። የአባዬ ደስታ እንዲህ ነው የሚገለጸው።

ችግሩ የጀመረው በራዲያተሩ ቱቦ ነው። ማሰሪያውን ረስቶት አገኘሁ። ማንም ይረሳል ብዬ አሰርኩት። ቀጥሎ የካርቡራተሩ ብሎን ላላ ብሎ አገኘሁት። ቀጥሎ ደግሞ ጥርሱን ስቶ በግድ የገባ ብሎን። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነው እንጂ ዓይኑ ላይ አይውልም።

ምንም አላልኩትም። ማታ 4 ሰዓት ገደማ፣ አባዬ ሲተኛ እወጣለሁ። ቀን የሠራውን አንድ በአንድ አያለሁ፤ የላላውን አጠብቃለሁ፤ የተበላሸውን ፈትቼ እንደገና አስራለሁ። ደግነቱ ብዙ አልቸገርም። መብራቱ ሁሌ ቻርጅ ተደርጎ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ቁልፎቹም በየቁጥራቸው ተደርድረው ይጠብቁኛል። ጠዋት አባዬ ነካ ነካ ያደርግና "አየሽ፣ እኔ ያሰርኩት አይነቃነቅም" ይላል። እኔም "እጅህ ይባረክ" እላለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ፍሬኑ ላይ ደረስን። የግራውን የፊት ጎማ እሱ ሠራው። ማታ ሳየው የፍሬን ቱቦው ዳዶ ጥርሱን ስቷል፤ በሁለት ጥርስ ብቻ ነው የያዘው። እጄ በረደኝ። አስተካከልኩት፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። አባዬ በቅርቡ የወንድሜን ልጆች ካሶኒው ላይ ጭኖ ሊያንሸራሽራቸው ቃል ገብቷል።

ወንድሜ "ንገሪውና መካኒክ ይጨርሳት፣ በቃ" ይላል። አክስቴ ደግሞ "ተዪው፣ የቀረችውን ደስታ አትቀሚው" ትለኛለች። እኔ ምን ላድርግ? አትችልም ልበለው? ወይስ ሌሊቱን ልቀጥል?

መብራት ያዧ

*

ውድ መብራት ያዧ፣

መጀመሪያ የሚቀድመው ይቅደም። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ የፒካፗን ቁልፍ አንሺና ኪስሽ ውስጥ ክተቺ። ፍሬኗ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ተነድታ ከግቢ አትወጣም። በግቢ ውስጥም "እስቲ ትንሽ ላንቀሳቅሳት" የሚባል ነገር የለም። ካሶኒ ላይ ልጅ መጫን ደግሞ ፍሬኑ አዲስ ቢሆንም አይደረግም። ጋቢና ውስጥ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ የሚበቃውን ያህል ልጅ ብቻ። አያት ቃል ስለገቡ የሚለወጥ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ደብዳቤሽ የአባትሽን ስህተት ይቆጥራል። እኔን ግን ይበልጥ ያስጨነቀኝ የአንቺ ሥራ ነው። በዚያች ሌሊት የፍሬኑን ዳዶ ፈትተሽ እንደገና አሰርሽው። ደክሞሻል፣ ጨለማ ነው፣ ድምፅ እንዳይሰማ ትቸኩያለሽ። ያንቺን ሥራ ማን አየልሽ? ማንም። እሳቸው የሠሩትን አንድ ሰው አይቶታል፤ አንቺ የሠራሽውን ግን ማንም አላየውም። እኔ ብሆን የትኛው ጎማ ላይ ይበልጥ እንደምጠራጠር ልንገርሽ? ባንቺው ነው።

ወጣት መካኒክ ሳለሁ አንድ መኪና ዘይት ቀይሬ ሸኘሁ። ዓይኔ እንደ ጭልፊት ነው፣ እጄም አይንቀጠቀጥም። የዘይቱን መክፈቻ ብሎን ግን በጣቴ ብቻ ነበር ያሰርኩት፤ በቁልፍ ላጠብቀው ስል አንድ ሰው ጠራኝ፤ ሄድኩ፤ ስመለስ ያጠበቅኩት መሰለኝ። መኪናው ዘይቱን መንገድ ላይ እየዘራ ሄደ። ደግነቱ ሾፌሩ የዘይት መብራቷን አይቶ ሞተሩን ቶሎ አጠፋው። ከዚያ በኋላ አለቃዬ አልጮኸብኝም። አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አመጣ። "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያሰርከውን እኔ አያለሁ፤ እኔ ያሰርኩትን አንተ ታያለህ። ያየ ሰው ቀለም ይቀባል" አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱ ያሰረውን ግን እኔ ጀማሪው አይ ነበር።

ቀለሙ ከዳዶው እስከተቀመጠበት ብረት ድረስ የምትሰመር አንዲት መስመር ናት። ዳዶው ከላላ መስመሯ ትሰበራለች። ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው። አውሮፕላን የሚጠግኑ ሰዎችም የበረራ መቆጣጠሪያው ላይ የተሠራን ሥራ ሁለተኛ ባለሙያ ሳያየው አይለቁም። የመጀመሪያው እጁ ስለማይታመን አይደለም። ሰው የራሱን ስህተት ለማየት ሰነፍ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ይህን ይዘሽ ግቢ። ግን በእሳቸው አትጀምሪ። ባንቺ ጀምሪ። "አባዬ፣ የግራው የፊት ጎማ ፍሬን ላይ እኔም ገብቼበታለሁ። ልክ መሆኔን እይልኝ" በያቸው። እውነቱን ተናገርሽ ማለት ነው፤ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም። መቼ ገባሽበት ካሉሽ ማታ በያቸው። ለምን ካሉሽም ዳዶው ጥርሱን ስቶ ነበር በያቸው። "ትንሽ"፣ "ምናልባት" አትጨምሪበት። መካኒክ ለመካኒክ እንደዚህ ነው የሚነጋገረው።

ሊከፋቸው ይችላል። ምናልባት አንድ ቅዳሜ ቱታው ከመስቀያው አይወርድ ይሆናል። አንቺ ግን ውጪና ሥሪ። የበር ጎማ ለጥፊ፣ የዛገ ላሜራ ፈግፍጊ። የቁልፍ ድምፅ ይሰሙ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የ10 ቁልፍ ዕድሜ ልካቸውን የጠፋባቸው ሰው ዛሬ ቁልፎቹን በየቁጥራቸው ደርድረው ያድራሉ። መብራቱ ሁሌ ቻርጅ ተደርጎ ሳጥኑ ላይ ይጠብቅሻል። ቻርጅ የሚያደርገው ማን ነው? አንቺ ከሆንሽ ይህን አንቀጽ እለፊው። ጡረታም ሰውን ሥርዓት ያስይዛል፤ ልሳሳት እችላለሁ። ካልሆንሽ ግን አባትሽ እንደምትወጪ ያውቃሉ። አውቀውም መብራት ይዘውልሻል።

ወንድምሽ ግማሹን ልክ ነው። የመጨረሻውን የፍሬን ምርመራ ባለሙያ ያድርገው። ሌላ ሰው ሳይሆን አባትሽ ራሳቸው ይውሰዷት፣ በጭነት መኪና ተጭና። ባለቤቷ እሳቸው ናቸው፤ ጥያቄውን እሳቸው ይጠይቁ። አክስትሽ ግን ተሳስተዋል። አሻንጉሊት ቢሆን ዝም በያቸው እል ነበር። ይህቺ መንገድ ላይ የምትወጣ፣ ሌላ ሰው ላይ የምትደርስ መኪና ናት።

ስለ እጃቸው። የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ የሚፈራው በሽታ አይደለም። ከሚወስዱት መድኃኒት ሊመጣ ይችላል፤ ከታይሮይድ ሊመጣ ይችላል፤ በዘር የሚሄድና ሥራ ሲሠሩ ብቻ የሚብስም አለ። የሚለየው ሐኪም ነው፤ ይታዩ። ዓይን ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ ብርሃን ይርበዋል። ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ይኑራቸው። የምትችሉትን ክፍል ሁሉ አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ሥሩት። እንደጻፍሽው ካርቡራተሩን ጠረጴዛ ላይ ነው የሠራችሁት። የፍሬኑን ፖምፓም እንዲሁ አድርጉ። ከመኪና ሥር መጋደም ያንቺ ድርሻ ይሁን። ስትጋደሚ ታዲያ መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነስታ እንዳይሆን። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለመያዝ የብረት ማቆሚያ አድርጉ።

ጥርስ የሚስት ዳዶም መላ አለው። ቁልፍ ሳታስጠጉ በጣት ጀምሩት። መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርሱ ቦታው ሲደርስ ቀጭ ይላል። ከዚያ ወደ ፊት። በጣት ብቻ ብዙ ዙር ካልሄደ ልክ አልገባም፤ ማውጣት ነው። ለሚንቀጠቀጥ እጅም ለማይንቀጠቀጥ እጅም የሚሠራ ነው። እኔ ዛሬም እንደዚህ ነው የማደርገው።

11 ዓመት የቆመ ፍሬን ላይ ጎማ ነገር ሁሉ ይቀየር። የጎማ ቱቦዎች ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። በፖምፓዎቹ ውስጥ ያሉት ጎማዎችም ዕድሜያቸው አልቋል። የመዳብ ዋሸር ያለበት ቦታ ዋሸሩ በተፈታ ቁጥር አዲስ ይሁን። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ያሮጌ የፍሬን ሸራ አቧራን በኮምፕረሰር አትንፉት፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የመኪናዋን ጎማዎች ጎን እዪ፤ ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ አራት አሃዝ አለው፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ። 11 ዓመት በቆመች መኪና ላይ ምን እንደምታነቢ ከወዲሁ ይታየኛል። የመኪናዋን አካል ቀለም መቀባቱ የመጨረሻ ሥራ ይሁን። ቀለም ያማረባት ፍሬን የሌላት ፒካፕ ብዙ አይቻለሁ።

በፍሬኑ ሥራ መጨረሻ ከፍሬን ቱቦዎቹ አየሩን ማስወጣት ይመጣል። ይህ ሥራ ያለ ሁለት ሰው አይመችም፤ ማታ ተደብቀሽ ልትሠሪውም አትችዪም። አባትሽ ጋቢና ይግቡ፣ አንቺ ጎማው ጋ። ብዙ ጊዜ ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ ነው የሚጀመረው። "ርገጥ!" ትያለሽ። "ያዝ!" ትያለሽ። የአየር ማስወጫውን ብሎን ከፍተሽ ትዘጊያለሽ። "ልቀቅ!" ከእግራቸው በቀር አይታዩሽም። "ረግጠሃል?" ብለሽ መጮህሽ አይቀርም። እሳቸውም መልሰው ይጮሁብሻል።

ቀለሙን ስትገዢ ሁለት ዓይነት ግዢ። ነጭና ቢጫ። የትኛው የማን እንደሚሆን እሳቸው ይምረጡ።