«ብርድ ነው ብለው በር ይዘጋሉ፣ ከዛ ውስጥ ያጨሳሉ»

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ደብረ ብርሃን አረቄ ቤት ነው የምሰራው፣ ቢራም አለን። ሲጋራ አፌ ላይ አድርጌ አላውቅም ግን ማታ 4 ሰአት ቤት ስገባ ጸጉሬም ጋቢዬም ሲጋራ ሲጋራ ነው የሚለው፣ ልጄ ራሱ «እማዬ ትሸቻለሽ» ብላ ፊቷን ታዞርብኛለች። ለባለቤቱ ስነግረው «ብርዱን እያየሽው፣ ደንበኛዬን ውጪ ላስወጣው?» አለኝ። ሳሉም ወር ሆነው። ሕግ የለም እንዴ? ካለስ እንደኔ አይነቷን ማን ይሰማታል?
(ከጠባሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሕጉ በፊት ሳሉን እናንሳ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል በጭሱ ነው ተብሎ አይታለፍም፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ጤና ጣቢያ ሂጂና አክታሽን ይዩልሽ፣ የመንግስት ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራ በነፃ ነው።

ሕጉ አለ፣ ያውም ጠንካራ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሆቴል በይው ቡና ቤት፣ መስሪያ ቤት፣ ታክሲና አውቶብስ ውስጥ ማጨስን ጭራሽ ከልክሏል። ያንቺ አረቄ ቤት ደሞ ለጠጪው መዝናኛ ይሁን እንጂ ላንቺ የስራ ቦታሽ ነው፣ በሁለቱም በኩል ሕጉ ይይዘዋል። «በር ላይ ቆሜ ነው ያጨስኩት» ማለትም አያዋጣም፣ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው።

የባለቤቱ የብርድ ነገር ግን ውሸት አይደለም፣ ከ2800 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው፣ ህዳር ላይ ውርጩ ሲወርድ በር ክፈቱ ማለት ጸብ መፈለግ ነው። ግን እኮ በሩ ስለተዘጋ ነው ነገሩ የባሰው! በዛች ጠባብ ቤት አንድ ሰው አጭሶ ቢወጣ ጭሱ አብሮት አይወጣም፣ ግድግዳውና ጋቢሽ ላይ ይቀራል፣ ፋን ብታስገቡም ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። ከ7000 በላይ ኬሚካል ያለበት ነገር ነው፣ ወደ 70 የሚሆነው ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ። ጠጪው ሁለት መለኪያ ብሎ ወደቤቱ ነው፣ አንቺ ግን ቀኑን ሙሉ ስትስቢው ትውያለሽ።

ማን ይሰማኛል ላልሽው፣ እኔንም የሚያናድደኝ እሱ ነው። አዋጁ ለሁሉም እኩል ተጽፏል ግን ካልተጮኸ የማይሰራ ከሆነ መጮህ ለሚችል ብቻ ነው የሚሰራው፣ መጮህ የሚችል ሰው ደሞ መጀመሪያም ጭስ ያለበት ቤት አይሰራም። አንቺ ብትጮኺ ነገ ስራ የለሽም። ስለዚህ በኔ እምነት ቁጥጥሩ ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጋር መታሰር አለበት፣ ተቆጣጣሪው ራሱ ማታ ማታ አረቄ ቤቶቹን ይዙር፣ ቀን በ5 ሰአት መጥቶማ ማን ሲያጨስ ሊያገኝ ነው? እስከዛው የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነፃ መስመር 8482 አለ፣ አንቺ ባትደውዪም ጭሱ የመረረው ደንበኛ አይጠፋምና እሱ ይደውል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ 30 አመት አጭሻለሁ። ሲጋራ ላይ ታክስ በተጨመረ ቁጥር የሚጎዳው ድሃው ነው፣ ሀብታም መቼ ይሰማዋልና! እኔ እንኳን ፓኬት መግዛት ትቼ አንድ አንድ ፍሬ ነው የምገዛው። ይሄ ፍትህ ነው?
(ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ጋሼ፣ በአፄ ዮሐንስ ጊዜ ቢሆን ከንፈር ነበር የሚቆረጠው ይባላል፣ እንኳን ታክስ ብቻ ሆነ።

ቁምነገሩን ካነሳን ግን ሀብታም አይሰማውም ያሉት ልክ ነው፣ የታክሱም ሀሳብ ከዛው ይነሳል። ዋጋ ሲጨምር ቶሎ የሚያቆመው ኪሱ የሳሳውና ገና የሚጀምረው ወጣት ነው፣ እንደኛ ባለ ሀገር ዋጋው በ10% ሲወጣ አጫሹ የሚያጨሰው በ5% ገደማ ይቀንሳል ነው የሚባለው። በሲጋራ ታሞ አልጋ ሲይዝ ቤቱ ባዶ የሚቀረውም ድሃው ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ ሲወጣ ከ30% ታክሱ ሌላ በየፓኬቱ 8 ብር ጭኖ ነበር፣ ርካሹም ውዱም እኩል 8 ብር፣ ጥሩ ነው። አሁን እርሶ የሚገዙት ጋ እንምጣ፣ 8 ብር ለ20 ፍሬ ሲካፈል ለአንዷ 40 ሳንቲም ነው! መናኸሪያ ጋ ያለው ሱቅ በደረቴ ከፓኬቱ መዞ ይሰጦታል፣ ላይተሯም በገመድ ታስራ እዛው አለች፣ ፓኬቱ ላይ 70% ቦታ የያዘውን ማስጠንቀቂያና ስእል ግን አያዩትም፣ ልጁ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ነው የያዘው። በነጠላ መሸጥ በዛው በ1112 የተከለከለው እኮ ለዚህ ነው፣ ከ21 አመት በታች ላለ መሸጥም እንደዛው፣ ግን ስንቱ ሻጭ ነው እሱ ራሱ 21 የሞላው?

አንድ ነገር ግን ልመንሎት። ታክሱን ሰብስቦ ማቆም ለፈለገ ሰው ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚያማክር ባለሙያ አለማስቀመጥ ግማሽ ስራ ነው፣ 30 አመት የለመደ ሰው ዋጋ ስለጨመረ ብቻ አይላቀቅም፣ ከዳቦው ቀንሶም ይገዛዋል፣ ያኔ ያሉት እውነት ይሆናል።

ለማቆም ካሰቡ ደሞ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው ክፉ፣ መነጫነጭ አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ቤተሰብ ቀድሞ ይወቀው። በ12 ሰአት ውስጥ ግን ደምዎ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የጭስ መርዝ ወደ ጤናማው ልክ ይወርዳል። ሱቅ በደረቴውን ልጅም «ከነገ ጀምሮ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» ይበሉት፣ ማስቲካ ግን ይግዙት፣ እሱም ይብላ እንጂ።