ነጻ የትምህርት ቪዲዮ ፍለጋ፦ ከተማሪው ጥያቄ መጀመር

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። የሳይንስና የሒሳብ አስተማሪ እንደሆኑ፣ ለክፍልዎ የሚሆን ነጻ ቪዲዮ ሲፈልጉ ምሽቱ እንደሚያልቅ፣ የሚያገኙት ግን ወይ ማስታወቂያ የበዛበት ወይ ላይ ላዩን የሚነካካ እንደሆነ ጽፈዋል። በቅርቡ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ይጀምራሉ፤ የራስዎንም የሒሳብ ዕውቀት ማጠናከር ይፈልጋሉ፤ በክፍልዎ ውስጥ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። እኔም ፊዚክስ የማስተምር በመሆኔ ይህን ፍለጋ ለዓመታት ኖሬበታለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

የድረ ገጾቹን ስም ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ምሽቱን የሚበላብዎ የድረ ገጽ እጥረት አይደለም፤ የሚፈልጉበት ቃል ስፋት ነው። «ፎቶሲንተሲስ» ብለው ቢጽፉ ስፍር ቁጥር የሌለው ቪዲዮ ይደረደርልዎታል። አብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ አረንጓዴ ቅጠል፣ ፀሐይ፣ ወዲያና ወዲህ የሚሄዱ ቀስቶች፣ በመጨረሻ ቀመሩ። ተማሪው ቀመሩን ይሸመድዳል። ከዚያ «ትልቅ ዛፍ ያን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣው?» ብለው ይጠይቁት፤ «ከአፈር» ይልዎታል። ቋጠሮው ያለው እዚያ ላይ ነውና ፍለጋውም ከዚያ ይጀምር። በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ የርዕሱን ስም ትተው ተማሪው የሚሰናከልበትን ጥያቄ እንዳለ ይጻፉት። የሚመጣልዎ ዝርዝር ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ ሰዎች ተጠይቀው ሲሳሳቱ የሚያሳይ፣ ቀጥሎም የዛፉ አካል በአብዛኛው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ እንደተሠራ የሚያስረዳ ቪዲዮ ያገኛሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቫን ሄልሞንት የተባለ ተመራማሪ የአኻያ ችግኝ በተመዘነ አፈር ውስጥ ተክሎ፣ 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ እያጠጣ አሳድጎት ነበር። ዛፉ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ሲጨምር አፈሩ የቀነሰው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለተማሪዎች ከነገሩ በኋላ የሚታይ ቪዲዮ አድማጭ አያጣም።

ጥያቄን ማስቀደም የእኔ የግል ዝንባሌ ብቻ አይደለም። ዴሪክ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2008 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናቱ የፊዚክስ ማስተማሪያ ቪዲዮዎችን መርምሯል። ጥርት ያለ ማብራሪያ ብቻ ያለበትን ቪዲዮ ያዩ ተማሪዎች «ግልጽና ቀላል ነው» ብለው አመሰገኑት፤ ሲፈተኑ ግን ውጤታቸው ብዙም አልተለወጠም። ቀድሞ የነበራቸውን የተሳሳተ ግንዛቤ ቪዲዮው የሚያጸናላቸው መስሏቸው ነበር። የተሳሳተውን ሐሳብ ፊት ለፊት አንስቶ የሚሟገት ቪዲዮ ያዩት ደግሞ «ያደናግራል» ቢሉም የተሻለ ውጤት አመጡ። ሙለር ከዚያ በኋላ በ2011 ቬሪታሲየም የተባለውን የዩቲዩብ ቻናል ከፈተ። እኔም አንድን ቪዲዮ ስመዝን ከሥዕሉ ውበትና ከአስረጂው አንደበት ይልቅ የማየው ይህንን ነው፤ ተማሪዬ የሚሳሳትበትን ነገር ያነሳዋል ወይስ ዘሎት ያልፋል?

የእርስዎን የኤሌክትሪክ ምዕራፍ እንውሰድ። ብዙ ተማሪዎች ከረንት አምፖሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚያልቅ፣ ከአምፖሉ ወዲያ ያለው ሽቦ የተረፈውን ብቻ የሚሸከም ይመስላቸዋል። ስለዚህ የምፈልገው ባትሪ፣ አምፖልና ሁለት አምሜትር (የከረንት መለኪያ) የያዘ፣ አንዱን መለኪያ ከአምፖሉ በፊት ሌላውን ከአምፖሉ በኋላ ያገናኘ አጭር ቪዲዮ ነው። ክፍል ውስጥ ማብሪያው ሊነካ ሲል አቆመዋለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ሁለቱ መለኪያዎች ምን እንደሚያነቡ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከጎኑ ካለው ጋርም ይከራከራል። ብዙውን ጊዜ «ሁለተኛው ያንሳል» የሚለው ወገን ይበዛል። ከዚያ ቪዲዮው ይቀጥላል፤ ሁለቱ መርፌዎች እኩል ቦታ ላይ ይቆማሉ። ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዱ «መለኪያው ተበላሽቷል» ይላል፤ ሌላዋ «ታዲያ አምፖሉ የሚጠቀመው ምኑን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ ነው ስለ ኢነርጂ የምናገረው ሁሉ ሰሚ የሚያገኘው። ቪዲዮው ራሱ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም፤ የክፍለ ጊዜው ሥራ ግን በእርሱ ላይ ይገነባል።

ርዝመትን ካነሳሁ አይቀር፣ ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በኢዴክስ የመስመር ላይ ትምህርቶች የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረዋል። ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም መካከለኛው ተመልካች የሚቆየው ቢበዛ 6 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። እጅ እየጻፈ የሚያስረዳበት ቪዲዮም በተዘጋጀ ስላይድ ላይ ከሚነበበው የበለጠ ተመልካች ይይዛል። በ2013 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ የ21 ደቂቃ ትምህርትን በ4 ከፍሎ በየመሐሉ አጭር ጥያቄ ማስገባት የተማሪን ሐሳብ መባዘን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰው አሳይቷል። ረጅም ቪዲዮ ካገኙ አይጣሉት፤ የሚጠቅመውን ክፍል መነሻና መድረሻ ደቂቃ ጽፈው ይያዙ፤ የሚያቆሙበትንም ቦታ አስቀድመው ይወስኑ።

አሁን ወደ ስሞቹ። ለሒሳብ መሠረት ቀድሜ የምሄደው ወደ ካን አካዳሚ ነው። ሳልማን ካን በ2004 አንዲት ታዳጊ ዘመዱን በርቀት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ በ2006 ትምህርቱን በዩቲዩብ ላይ ማስቀመጥ ቀጠለ፤ በ2008 ድርጅቱ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ሆኖ ተመሠረተ። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ፊት አይታይም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጅ ሲጽፍ ድምፅ ያስረዳል። ነገር ግን ዋናው ሀብት ከቪዲዮው በኋላ የሚመጣው መልመጃ ነው። በመምህር መለያ ከገቡ ለተማሪዎች መልመጃ መመደብና ማን የቱ ላይ እንደተቸገረ ማየት ይችላሉ። በዩቲዩብ ሳይሆን በራሱ ድረ ገጽ ይክፈቱት፤ ማስታወቂያ አያስቸግርዎትም፤ ቀጣዩ ቪዲዮም ተማሪውን ወደማይገባ ቦታ አይጎትተውም።

ለኬሚስትሪ በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ የተዘጋጁት «ፔሪዮዲክ ቪዲዮስ» ለ118ቱም ንጥረ ነገሮች ለእያንዳንዳቸው ቪዲዮ አላቸው። ፖታሲየም ውሃ ሲነካው ሐምራዊ ነበልባል የሚያወጣበትን ሁኔታ በክፍል ውስጥ መሞከር አደገኛ ነው። ቪዲዮ ቦታው እንዲህ ያለው ላይ ነው፤ በክፍል ሊደረግ የማይችለውን፣ እጅግ ፈጣኑን፣ እጅግ ትንሹን፣ አደገኛውን ለማሳየት። በእጅ ሊሠራ የሚችለውን በእጅ ይሥሩት። ለባዮሎጂ የሃዋርድ ሂውዝ የሕክምና ተቋም የሚያዘጋጀውን ባዮኢንተራክቲቭ እመክራለሁ፤ ፊልሞቹ ነጻ ናቸው፤ ከመምህር መምሪያና ከተማሪ የሥራ ወረቀት ጋር ስለሚመጡ የዝግጅት ጊዜ ይቆጥባሉ። አጫጭር የአኒሜሽን ቪዲዮዎች የሚያዘጋጀው ቴድ ኤድ ስሜት ለመቀስቀስ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ግን ትምህርት አይሆንም። ክራሽ ኮርስ የተባለው የዩቲዩብ ቻናል ይዘቱ የታመነ ነው፤ ንግግሩ ግን ይፈጥናል፤ እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ላልሆነ ተማሪዎች ለመግቢያ አልሰጠውም፤ ለክለሳ፣ ያውም ፍጥነቱን ቀንሼና የግርጌ ጽሑፉን ከፍቼ ነው የምጠቀምበት።

ቪዲዮ ባይሆንም ፌትን ሳልጠቅስ አላልፍም። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመረው፣ በኮምፒውተር ላይ እንደ ሙከራ የሚነካኩ ነጻ ማስመሰያዎች ስብስብ ነው። የሰርኪዩት መገጣጠሚያውን ይክፈቱ፤ ተማሪው ራሱ ሽቦ ይዘረጋል፣ አምፖል ይጨምራል፣ መለኪያ ያስገባል። ተማሪው ራሱ ነካክቶ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ከሆነ ማስመሰያው ከቪዲዮ ይበልጣል።

ለራስዎ የሒሳብ ጥናት የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹን በነጻ ወደሚያቀርብበት ኦፕን ኮርስዌር ይሂዱ። ተቋሙ በ2001 ትምህርቶቹን በነጻ እንደሚለቅ ያስታወቀበት ውሳኔ ለዓለም የተሰጠ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ዛሬ ከ2,500 በላይ ኮርሶች አሉት። የጊልበርት ስትራንግ የሊኒየር አልጀብራ ትምህርት፣ ቁጥሩ 18.06፣ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ይዞ የሚያስተምር ሰው ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል። የምለምንዎ አንድ ነገር ቢኖር ያለ መልመጃው እንዳያዩት ነው። የጥያቄ ወረቀቶቹም መልሶቹም እዚያው አሉ። አንድ ትምህርት አይተው መልመጃውን ሳይሠሩ ወደሚቀጥለው ከሄዱ የገባዎ ይመስልዎታል፤ እስክሪብቶ ሲያነሱ ግን እጅዎ አይታዘዝም። ጽንሰ ሐሳቡ በዓይነ ሕሊናዎ እንዲሳል ደግሞ ሒሳብን በተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያስረዳውን የግራንት ሳንደርሰንን የዩቲዩብ ቻናል፣ ስሪ ብሉ ዋን ብራውንን፣ ጎን ለጎን ይዩ። ኮምፒውተር ፕሮግራም መማር ቢያስቡ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ፣ ሲኤስ50፣ በነጻ ይታያል።

ስለ ክፍሉ ኢንተርኔት አለመኖር የጠየቁት ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነው፤ ብዙ ጥሩ መምህራን ቪዲዮን የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነውና። መጀመሪያ ግን «ነጻ» የሚለውን እንለየው። በነጻ ማየት አንድ ነገር ነው፤ አውርዶ ማባዛትና ቆርጦ መጠቀም ሌላ ነው። ዩቲዩብ እርሱ ራሱ ከሚፈቅደው መንገድ ውጭ ማውረድን በደንቡ ይከለክላል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው ፈቃድ ያለበትን ሥራ ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ፈቅዶልዎታል። የፈቃዱ ዓይነት ይለያያል፤ አንዳንዱ የሠሪውን ስም መጥቀስ ብቻ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ለንግድ እንዳይውል ይከለክላል፤ አንዳንዱ ደግሞ መቆራረጥን አይፈቅድም። የኤምአይቲና የዬል ዩኒቨርሲቲ ነጻ ትምህርቶች ለንግድ እስካልዋሉ፣ ምንጫቸው እስከተጠቀሰና ተሻሽለው ሲሠራጩ በዚያው ፈቃድ እስከሆነ ድረስ መቅዳትና ማሻሻል ይፈቀድባቸዋል። በዩቲዩብ የፍለጋ ማጣሪያ ውስጥ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ዊኪሚዲያ ኮመንስና ኢንተርኔት አርካይቭ ሊወርዱ የሚችሉ ቪዲዮዎች አሏቸው፤ የናሳም ምስሎችና ቪዲዮዎች በአብዛኛው የቅጂ መብት ገደብ የለባቸውም።

ለክፍልዎ ዋናው መፍትሔ ግን ኮሊብሪ ይመስለኛል። ነጻ ፕሮግራም ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጭኑታል፤ ከዚያ የሚፈልጉትን የትምህርት ክምችት፣ የካን አካዳሚን ጨምሮ፣ እየመረጡ ያወርዳሉ። ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም፤ የምዕራፍዎን ብቻ ይምረጡ፤ ቪዲዮ ቦታ ይፈጃል። ክፍል ውስጥ ያ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ሆኖ ይሠራል፤ የተማሪዎች ስልክና ኮምፒውተር በዋይፋይ ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ፤ ከውጭ ምንም መስመር አያስፈልግም። መልመጃው ይሠራል፣ ውጤቱም ይመዘገብልዎታል። አንዱ መምህር ያወረደውንም ለሌላው በፍላሽ ዲስክ ማስተላለፍ ይቻላል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፔዲያን፣ የቴድ ንግግሮችንና የፌት ማስመሰያዎችን ያለ ኢንተርኔት ያስከፍታል።

አንድን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ከማየትዎ በፊት ጊዜ የሚያተርፍ ዘዴ ልጨምር። በዩቲዩብ ላይ ከቪዲዮው በታች ባለው መግለጫ ውስጥ የንግግሩን ሙሉ ጽሑፍ የሚያሳይ ቁልፍ አለ። ይክፈቱትና የሚፈልጉትን ቃል ይፈልጉበት፤ ቃሉ ከሌለ ቪዲዮውን ይለፉት፤ ካለ በቀጥታ ወደዚያ ደቂቃ ይሂዱ። አዘጋጁ ማን እንደሆነም ይመልከቱ። በአሁኑ ጊዜ በማሽን ድምፅ የሚነበቡ፣ ሥዕላቸው ከሚናገሩት ጋር የማይገናኝ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ስሙን የገለጸ መምህር ወይም የታወቀ ተቋም ከጀርባው ከሌለ ለተማሪዎቼ አላሳይም፤ በዚህ ላይ ፈጽሞ አልደራደርም። ክፍል ከመግባትዎ በፊትም ቪዲዮውን ከኋላ ወንበር ሆነው ይሞክሩት፤ በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚነበብ ቀመር በፕሮጀክተር ላይ ሊደበዝዝ ይችላል።

ለኤሌክትሪኩ ምዕራፍ በተከታታይና በትይዩ አገናኝ ላይ የምጠቀምባቸውን ቪዲዮዎች፣ የማቆምባቸውን ደቂቃዎችና በየመሐሉ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጽፌ ይዣለሁ። ተማሪዎችዎ ስለ ባትሪና ስለ አምፖል አሁን ምን እንደሚያስቡ ጠይቀው ጥቂት መልሶቻቸውን ቢጽፉልኝ፣ ከዝርዝሩ ለእነርሱ የሚስማማውን መርጬ እልክልዎታለሁ።