ማሽኑ ሠርቷል፤ ዓሣው ለምን ለሰለሰ?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የአንድ ጡረተኛ የሪፈር (ማቀዝቀዣ ማሽን ያለው ኮንቴይነር) ቴክኒሺያን መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በበረዶ የደረቀ ዓሣ በባሕር ልኬ ነበር። ኮንቴይነሩ ማይነስ 18 ላይ ተደርጎ ነው የሄደው። ገዢው ሲከፍተው ዳር ዳሩ ደህና ነው። መሃል ያለው ግን ለስልሷል፤ የታችኛው ካርቶንም ተጨፍልቋል። የመርከብ ድርጅቱ ሰዎች "ማሽኑ አንድም ቀን አልቆመም" ብለው ወረቀት አሳዩኝ። እንዴት ነው ነገሩ? — *ግራ የገባት ላኪ*

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የዓሣው መልሰለስም እውነት ነው። ብዙ ሰው ሪፈርን እንደ ትልቅ ፍሪዘር ያየዋል። አይደለም። የተሠራው የሰጠሽውን ቅዝቃዜ ይዞ ለማድረስ ነው። ያልቀዘቀዘ ዕቃ አስገብተሽ ባሕር ላይ ይቀዘቅዝልኛል ማለት አይሠራም፤ ለዚያ የሚሆን ጉልበት የለውም።

የእኔ ጥርጣሬ ፋብሪካው ላይ ነው። ጭነት ሲቸኩል ዓሣው ከማቀዝቀዣ ክፍሉ ጊዜው ሳይደርስ ይወጣል። ላዩን ብትነኪው ድንጋይ ነው፤ እንብርቱ ግን ገና ማይነስ 3 ወይም 4 ነው። በዚያ ሁኔታ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሮ ሲታሸግ ዳር ያለው ቀዝቃዛውን አየር ስለሚያገኝ ይድናል። የመሃሉን የሚደርስለት የለም። በበረዶ የደረቀ ምግብ የሚደረደረው እጅብ ብሎ፣ ክፍተት ሳይኖረው ነው። አየሩ ክምሩን ይከበዋል እንጂ በመሃሉ አያልፍም። ስለዚህ ያ ለስላሳ ዓሣ የላዩን ክብደት ተሸክሞ ሳምንታት ይጓዛል። ካርቶኑ የተጨፈለቀው ለዚህ ነው።

ሲጫን በራፉ ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልግሻል። ቴርሞሜትሩን ካርቶኑ ላይ አሳርፎ ማንበብ ዋጋ የለውም። ዓሣውን በመሰርሰሪያ በስቶ፣ የቴርሞሜትሩን ዘንግ አስቀድሞ አቀዝቅዞ፣ እስከ መሃል አስገብቶ ነው የሚለካው። ማይነስ 18 ካላነበበ አይጫን። ከየፓሌቱ ናሙና ይውሰድ፣ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ ያንሳ። ሹፌሩ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ አየሩ ነው። የሪፈር ወለል ለጥ ያለ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር ቦይ ቦይ አለው። ቀዝቃዛው አየር በቦዮቹ ሄዶ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ በጣሪያው ሥር ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር ታያለሽ። ከዚያ በላይ ዕቃ መጫን ማለት የመመለሻውን መንገድ መድፈን ነው። "አምስት ካርቶን ብትጨመር ምን ይሆናል" የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ጣሪያ ድረስ የተጠቀጠቀ ኮንቴይነር ከፍቼ አይቻለሁ፤ ማሽኑ ዙሪያ አየሩ ይበርዳል፣ በሩ ጋ ያለው ዕቃ ላብ አውጥቷል።

የአየሩ ችግር ከሥራው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ዱኒዲን የተባለች ባለ ሸራ መርከብ ወደ 5,000 የሚጠጋ የታረደ ከብት፣ አብዛኛው በግ፣ በበረዶ አድርቃ ከኒውዚላንድ ወደ ለንደን ተነሣች። ጉዞው 98 ቀን ፈጀ። ሞቃቱ የምድር ወገብ አካባቢ ሲደርሱ ቅዝቃዜው ሥጋው ዘንድ እኩል እንደማይደርስ ታወቀ። ካፒቴኑ ጆን ዊትሰን ዋናው የአየር ቧንቧ ውስጥ በሆዱ ተስቦ ገባና ተጨማሪ ቀዳዳ በመጋዝ ቆረጠ። እዚያው ደርቆ ሊቀር ሲል እግሩ ላይ ገመድ አስረው ጎትተው አወጡት። ሥጋው ለንደን በደህና ገባ። አንቺ መጋዝ አያስፈልግሽም፤ ቀይ መስመሩን አክብሪ፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አጠቃላይ መግለጫውን ተዪው፤ የማሽኑ መዝገብ ከነቁጥሩ ይሰጠኝ በዪ። ሁለት መስመር አለው፤ የሚገባው አየር እና የሚመለሰው አየር። የሚመለሰው ከተነሣበት ጀምሮ ለብዙ ቀን ከማይነስ 18 በላይ ሆኖ ቀስ እያለ ከወረደ፣ ዕቃው ሞቅ ብሎ ገብቷል ማለት ነው። ያኔ ከመርከብ ድርጅቱ ጋር አትሟገቺ፤ ከፋብሪካው ጋር ነው ጉዳይሽ። መዝገቡ መሃል ላይ ለሰዓታት ባዶ ከሆነ ግን ኮንቴይነሩ አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ ሳይሰካለት ቆሟል። አልፎ አልፎ ሽቅብ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ጫፍ ብታዪ አትደንግጪ፤ ማሽኑ የራሱን በረዶ ሲያራግፍ ነው።

ጥያቄ፦ ግማሹን ሙዝ፣ ግማሹን በበረዶ የደረቀ ዶሮ አድርጌ በአንድ ኮንቴይነር ብልክስ? መሃሉን በወፍራም ላስቲክ እጋርደዋለሁ። — *ቆጣቢው*

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። አንድ ሳጥን አንድ ሙቀት ነው ያለው። ሙዝ የሚጓዘው በ13 እና 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ልጣጩ ይጠቁራል፣ በኋላም በወጉ አይበስልም። ዶሮው ማይነስ 18 ይፈልጋል። ላስቲኩ አየሩን ዘግቶ ሁለቱንም ያበላሽብሃል።

ሙቀታቸው አንድ የሆኑትንም ቢሆን ሳታጣራ አታጋባ። አፕልና ኪዊ ሁለቱም ዜሮ አካባቢ ይጓዛሉ። ግን አፕል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ኪዊ ደግሞ ጥቂት ኤቲሊን ከሸተተው መንገድ ላይ ይለሰልሳል። ትኩስ ፍራፍሬ ይተነፍሳል። ስለዚህ የኮንቴይነሩ የአየር መስኮት ምን ያህል ይከፈት የሚለው ቡኪንጉ (ለመርከብ ድርጅቱ የሚሰጠው የጭነት ማስያዣ) ላይ ይጻፋል። በበረዶ ለደረቀ ዕቃ ግን መስኮቱ ጥርቅም ነው። ተከፍቶ ከቀረ እርጥብ አየር ገብቶ ማሽኑ ላይ በረዶ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ገዢዬ የሥጋውን ሙቀት "0 ዲግሪ" ብሎ ጻፈልኝ። በበረዶ የደረቀ ሥጋ በዜሮ ይሄዳል እንዴ? — *ጠርጣሪ*

መልስ፦ ጥርጣሬህ ወርቅ ነው። ሰውየው በፋራናይት አስቦ ይሆናል፤ ዜሮ ፋራናይት ማለት ማይነስ 18 ሴልሺየስ ማለት ነው። ቡኪንጉ ላይ በሴልሺየስ ዜሮ ተብሎ ቢገባ ሥጋህ ቀልጦ ይደርሳል። ደውለህ ጠይቀው፣ በጽሑፍም አስመልሰው። የማይነሷን ጭረትም አትመናት፤ ኮፒ ሲደረግ ትጠፋለች። እኔ "ማይነስ" ብዬ በፊደል ነበር የማስጽፈው። ኮንቴይነሩ ሲመጣም የማሽኑን ማሳያ በዓይንህ እይ።

ጥያቄ፦ ባዶውን ኮንቴይነር ቀድሜ ላቀዝቅዘው? — *ወጣት ትራንዚተር*

መልስ፦ መጋዘኑ ቀዝቃዛ ሆኖ በሩ ከኮንቴይነሩ ጋር ገጥሞ የሚዘጋ ከሆነ አዎ። ሜዳ ላይ የምትጭን ከሆነ ተው። በሩን ስትከፍት የውጪው አየር ገብቶ ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል፤ ካርቶንህ ይረጥባል። እየጫንክ ሳለ ማሽኑን አጥፋ፤ በሩ ሲዘጋ ታስነሣዋለህ። ከዚያ በፊት ግን ኮንቴይነሩ ቅድመ ፍተሻ ማለፉን ጠይቅ፤ ፒቲአይ ይሉታል።

ጥያቄ፦ ዕቃው ተበላሽቶ ቢደርስ ለማመልከት ስንት ቀን አለኝ? — *ያው ግራ የገባት*

መልስ፦ ብዙ የመርከብ ሰነዶች የሚከተሉት የሄግ-ቪስቢ ደንብ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የባሕር ጭነት ደንብ ነው። ጉዳቱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ እዚያው ስትረከቢ በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ፤ የማይታይ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ። ክስ የሚመሠረተው በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ሌላ ደንብ የሚከተል ሰነድም ስላለ ጀርባውን አስነብቢ። የኢንሹራንስ ሰዎች ሳያዩት ካርቶኖቹ እንዳይነኩ ለገዢሽ ዛሬውኑ ንገሪው።