ቤት ለቀን ስንወጣ ምን እንያዝ? ጥያቄና መልስ

በጥቅምት 2017 የመርካቶው ሸማ ተራ ተቃጠለ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ የሠፈር ሰው ሲያገኘኝ ይህንኑ ይጠይቀኛል። ሥራዬ አደጋ መከላከል ነበርና የደረሱኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ሌሊት እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ምን ልያዝ?

ልጆቹን፣ ቁልፉን፣ ስልኩን። በቃ።

ቁልፍ ስል አትገረሚ። ሌባ ስለምንፈራ በሩን ከውስጥ ሁለቴ እንቆልፋለን፤ መስኮቱ ላይም ብረት እናስበይዳለን። ጭስ ቤቱን ሲሞላው ቁልፉ ቦርሳ ውስጥ ይሁን ጃኬት ኪስ ውስጥ ማን ያስታውሳል? በሩ አጠገብ፣ ከመስኮት እጅ በማይደርስበት ቦታ ምስማር ላይ ይንጠልጠል። ልጆቹም ቦታውን ይወቁት። ጭስ ሽቅብ ስለሚሄድ ጎንበስ ብላችሁ፣ ካስፈለገም እየዳሃችሁ ውጡ። በሩን ግጥም አድርገሽ ዝጊው፤ ግን አትቆልፊው። የተዘጋ በር ጭሱ ወደ ደረጃው እንዳይወጣ ያዘገየዋል። ደረጃው ቀድሞ በጭስ ከታፈነ ግን አትውረጂ። ቤት ተመለሺና በሩን ዝጊ፤ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ጠቅጥቂ፤ ከዚያ በረንዳ ላይ ወጥተሽ ተጣሪ።

ወርቄስ?

ለብሰሽው ካደርሽ ይዘሽው ትወጫለሽ። ካልሆነ ይቅር።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ ነን። አባቴ "ካርታዬን ሳልይዝ አልወጣም" ይላሉ። ካርታው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

አልፈርድባቸውም። ግን የእናንተ ዓይነት ቤት ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ነው፤ ጣሪያውም ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ነው። እሳቱ በላይ በላይ ይሮጣል። ሳጥን የሚከፈትበት ጊዜ የለም።

የካርታው ማኅደር መሬት አስተዳደር አለ፤ ምትክ ማውጣት ቢያንገላታም ይወጣል። ፋይዳም እንደገና ይታተማል። ውልና ማስረጃ የተመዘገበ ውል ግልባጩ እዚያው ይቀመጣል። የማይተካው ሌላ ነው፦ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ፣ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የብድር ወረቀት፣ የድሮ ፎቶ። እነዚህን ከካርታው ጋር በአንድ ዚፕ ባለው ቦርሳ አድርጋችሁ በር አጠገብ ስቀሉት። ሁሉንም ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ ለራስህ ላክ፤ ለአንድ ሌላ ዘመድም ጨምር። ለአባትህ ደግሞ "ቦርሳው የእርስዎ ኃላፊነት ነው" በላቸው። እንቢ የሚል ሽማግሌ ሥራ ሲሰጠው ይነሳል።

ሲሊንደሩንስ ተሸክሜ ልውጣ?

ነበልባል ከደረሰበት አትጠጋው። እሳት ሳይኖር ሽታ ብቻ ከሆነ ቫልቩን ዝጋ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ውጣ። መብራት አታብራ፤ የበራውንም አታጥፋ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል።

ያኔ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም በደረጃው ሮጠን ወረድን። ጥፋት ነው?

ከፎቅ ከሆነ አዎ። እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ መጋፋት ለመሰበር ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ከመስታወትና ከቁም ሳጥን ራቁ። ሲያቆም ጫማ አድርጋችሁ ውረዱ፤ መሬቱ የመስታወት ስብርባሪ ሊሆን ይችላል። በታኅሣሥ ብርድ ሕፃን ይዞ ሜዳ ላይ ማደር ስለሚመጣ፣ በር አጠገብ ያለው ቦርሳ ላይ ጋቢ ጨምሩበት። እሱን ረስታችሁ ከወረዳችሁ ግን አትመለሱ፤ ሌላ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል።

ቤታችን ግንፍሌ ወንዝ ዳር ነው። ክረምት ላይ ፍሪጁንና በጉን እንዴት ላድርግ?

መጀመሪያ አያትህን አውጣ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የራስህን ሰማይ ብቻ አትይ። ግንፍሌም ቀበናም ከእንጦጦ በኩል ስለሚወርዱ፣ እዚህ ካፊያ ሳይኖር ውሃው ሊሞላ ይችላል። ድምፁ ሲለወጥ ሰው ይውጣ። ውሃው ገና ውጭ ከሆነ፣ እግርህም ደረቅ ከሆነ ብሬከሩን አውርድ። ፍሪጁን እዚያው ተወው። የሚወርድ ውሃ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። በጉን ገመዱን ፍታለት፤ ከእኛ ቀድሞ ዳገት ያውቃል።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት።

የተከፈተ ኢንሱሊን በአብዛኛው ከፀሐይና ከሙቀት ከተጠበቀ ያለ ፍሪጅ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የያዛችሁትን መመሪያ ግን አንብቡ። መርፌውን፣ የሐኪም ወረቀቱን ፎቶ፣ ስኳራቸው ቢወርድ የሚቀምሱት ትንሽ ስኳርም ያዙ። እናትሽ መራመድ ካቃታቸው ማን እንደሚያዝላቸው ከሁለት ጎረቤት ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። የእድር ስብሰባ ላይ ቢነሳም ነውር የለውም።

እሳት አደጋ 939 ደውዬ አድራሻ ምን እላለሁ? መንገዳችን ስም የለውም።

ወረዳውን፣ ሁሉም የሚያውቀውን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት፣ ምን እንደሚቃጠል፣ ውስጥ ሰው መኖሩን። መኪና መግባት ካልቻለ እሱንም ተናገሪ። መጀመሪያ ግን ውጪ፤ ስልኩ ውጭም ይሠራል። ስልኩንም እነሱ "ይበቃል" ሳይሉሽ አትዝጊው። አንድ ልጅ አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናውን ይጠብቅ፤ ሌላው በሠፈሩ መግቢያ የቆሙትን መኪኖች ያስነሳ።